ገና ያልተቆረጡ ባቡሮች

(ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ለወጣቶችና ለከተማው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ሥራ ስለጨረሱ ባቡሮች ነው። በተለይ ስለ ሎኮሞቲቮች። ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን፣ ጉልበቱን የተሸከመውን ማለቴ ነው። ዕድሜው ሲያልቅ ወደ ብረት መቁረጫ ግቢ ይወሰዳል። እዚያ ዝገት እየበላው፣ በመንኮራኩሮቹ መሃል ሣር እየበቀለ፣ ተራውን ይጠብቃል። ይህን ለማየት ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ቁጥሩን በደብተር ይጽፋሉ። ከሥሩ ገብተው በባትሪ ያያሉ። ገንዘብ አዋጥተው የሚገዙትም አሉ።

እኔም ይህ ፍቅር ያለብኝ ሰው ነኝ። "ከአሮጌ ብረት ምን ታገኛለህ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዛሬ የማምንበትን መልስ እሰጣለሁ። አሮጌ ማሽን የሚድነው ብረቱና ብረቱን የሚያውቀው ሰው ሁለቱም በሕይወት እያሉ ከተገናኙ ነው። አንዱ ቀድሞ ከሄደ ሌላው ብዙ አይጠቅምም። የብረት ግቢው ደግሞ ሁለቱ የሚገናኙበት የመጨረሻው ቦታ ነው። እዚያ የሚሰበሰቡትን ሰዎች የምወዳቸው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። የባቡር መዝገቦች የተጻፉት በዚያ ስለሆነ እንዳይምታታብን ነው።

ጎንደር ሐዲድ የላትም። ይሁን እንጂ ወደ እኛ አካባቢ የመጣው የመጀመሪያው ባቡር የመጣው በዚህ አገር ሰው ምክንያት ነው። የቋራው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ ከእንግሊዝ ጋር ሲጣሉ የናፒየር ጦር ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ መውረድ ጀመረ። ጊዜው 1867 ነበር። ስንቁን ከባሕሩ እስከ ተራራው ግርጌ ለማድረስ ሐዲድ ዘረጉ። ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሐዲዱም ሎኮሞቲቩም ከሕንድ በመርከብ ነው የመጣው። በማግስቱ ዓመት መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱ ተነቀለ።

መቅደላ ላይ ግን አንድ ትልቅ ብረት ቀረ። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። የቴዎድሮስ ሠራዊት ድንጋይ እየፈነቀለ፣ መንገድ እየጠረገ፣ በጉልበቱ ጎትቶ አምባው ላይ አወጣው። ዛሬም እዚያው አለ። ስለ ሴባስቶፖል ያልሰማ የጎንደር ልጅ የለም። እንዴት ቀለጠ? ማን ሠራው? እንዴት ወጣ? እንላለን። የዙላው ሎኮሞቲቭ ምን ይመስል ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። መድፉ ስለቀረ እንጠይቅበታለን። ባቡሩ ስለሄደ ጥያቄውም አብሮት ሄደ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። ታሪኩ ያለው ዌልስ ውስጥ፣ ባሪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው።

የእንግሊዝ ምድር ባቡር በ1955 ትልቅ ውሳኔ ወሰነ። በከሰል የሚሠሩትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ትቶ ወደ ናፍጣና ወደ ኤሌክትሪክ ሊዞር ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሎኮሞቲቮች ከሥራ ወጡ። ከመካከላቸው ገና አዲስ የነበሩ አሉ። በ1960 ተሠርቶ በ1965 የተሰናበተ አለ። በነሐሴ 1968 በዋናው መስመር ላይ የመጨረሻው የእንፋሎት መንገደኛ ባቡር ሄደ። በቃ፣ አለቀ።

ብረቱ ለቆራጮች ተሸጠ። በሌሎቹ ግቢዎች የገባው ሎኮሞቲቭ ብዙ ሳይቆይ በጋዝ ተቆራርጦ ወደ ማቅለጫ ይላካል። የባሪው ግቢ ባለቤት ዳይ ዉድሃም የሚባል ነጋዴ ነበር። ይህ ሰው 297 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ገዛ። አሮጌ ፉርጎም በብዛት ይገዛ ነበር። ፉርጎ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ይሸጣል። ሎኮሞቲቭ ግን ወፍራም ብረት፣ መዳብ፣ ናስ የተደባለቀበት ነው። ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሠራተኞቹን በፉርጎው ላይ አሰማራቸው። ሎኮሞቲቮቹ ሥራ ሲቀዘቅዝ እንዲቆረጡ ወደ ጎን ተሰልፈው ቆሙ።

ለአብዛኞቹ ያ ቀን ሳይመጣ ቀረ። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት ተከተለ። ባቡር ወዳዶች ሰልፉ አሁንም እንዳለ ሰሙ። እሑድ እሑድ ልጅም አዋቂም ወደ ባሪ ይጎርፍ ጀመር። ዉድሃም አላባረራቸውም። ሎኮሞቲቮቹ ላይ በቀለም እየጻፉ "እባካችሁ ይህን አትቁረጡ" ይሉ ነበር። ገንዘብ እየተዋጣ ነው፣ ታገሱን፣ ለማለት ነው። እሱም ታገሳቸው። በመስከረም 1968 የመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ ተገዝቶ ከግቢው ወጣ። የመጨረሻው የወጣው በ1990 ነው። ከ297ቱ 213 ዳኑ።

እስቲ ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። በእንግሊዝ አገር በየተራራውና በየሸለቆው ዛሬ ሰው የሚሳፈርባቸው የእንፋሎት ባቡሮች ብዙዎቹ ከዚያ አንድ ግቢ የወጡ ናቸው። ዉድሃም ሙዚየም ልክፈት ብሎ አልተነሳም። ነጋዴ ነው፤ ለትርፍ ነው የገዛው። ነገር ግን ጊዜ ሰጠ። ለመኑት፣ ጠበቀ። ዋጋውም እንደ ብረት ዋጋ ነበር። ለእኔ ትልቅ ሰው ነው።

እነዚያ ልጆች ግን ምን አይተው ነው እዚያ ጭቃ ውስጥ የሚርመሰመሱት? ይህን ለመረዳት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከባድ አይደለም፣ ተከተሉኝ።

ከኋላ በኩል የእሳት ሳጥን አለ። ከሰሉ የሚነደው እዚያ ነው። ከእሳት ሳጥኑ ወደ ፊት ብዙ ቱቦዎች ቦይለሩን፣ ውሃው የሚፈላበትን ትልቅ በርሜል፣ አቋርጠው ይሄዳሉ። ቱቦዎቹ ውስጥ ትኩስ ጭስ ያልፋል፤ ዙሪያቸውን ውሃ ነው። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ታፍኖ ኃይል ይሰበስባል። ሾፌሩ ሲከፍትለት ወደ ሲሊንደር ይገባና ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑ ከመንኮራኩሩ ጋር የተያያዘውን ረጅም ብረት፣ የእኛ መካኒኮች ቢየላ የሚሉትን፣ ወዲህና ወዲያ ይነዳል። መንኮራኩሩ ይዞራል።

አሁን ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይመጣል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት እንዲሁ አይለቀቅም። በጠባብ አፍ በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ይተኮሳል። ሲተኮስ ጭሱን ይስባል። ጭሱ ሲሳብ እሳቱ አየር ያገኛል። ስለዚህ ባቡሩ ዳገት ላይ በበረታ ቁጥር እሳቱም በራሱ ይበረታል። ማንም ማራገብ አያስፈልገውም። የባቡሩ "ቹፍ ቹፍ" የምንለው ድምፅ ይኸው ነው። እሳቱ ሲተነፍስ ነው የምንሰማው።

ይህ ሁሉ ደግሞ በዓይን ይታያል። ቢየላው ውጭ ነው፣ መንኮራኩሩ ውጭ ነው። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞተሩ በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ የኤሌክትሪኩ ደግሞ ሁሉ ነገሩ ሣጥን ውስጥ ነው። የእንፋሎቱን ግን አንድ የ10 ዓመት ልጅ ለግማሽ ሰዓት ቆሞ ቢያየው ምን ምንን እንደሚገፋ ይገባዋል። የብረት ግቢ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሽፋኑ ተነቅሏል፣ የጭስ ሳጥኑ በር ወልቋል። ሲሠራ የማይታየው ሁሉ ይታያል። ቱቦዎቹን መቁጠር ትችላላችሁ። የተጠገነበት ቦታ ላይ የመዶሻውን ምልክት ታያላችሁ። አንድ የማታውቁት ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በእጁ የሠራው ሥራ ፊታችሁ ነው። እንዲህ ያለ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የትም አይገኝም።

ይህ ፍቅር ባዶ ናፍቆት ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ሎኮሞቲቭ ልጥራለት። ስሙ የግሎስተር መስፍን ይባላል። በ1954 የተሠራ ነው፤ ከዓይነቱ አንድ ብቻ ነው የተሠራው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ደካማ እየተባለ ታማ። ከሰል ይበላል፣ እንፋሎት ያጥረዋል። በ1962 አሰናበቱት። ሲሊንደሩ ለሙዚየም ማሳያ ተወሰደ፤ የቀረው አካል ባሪ ገባ። በ1974 ወዳዶቹ ገዙት። ሊነሳ አይችልም ተብሎ ነበር። በ1986 እሳት ጫሩበት።

ሲጠግኑት ምን አገኙ መሰላችሁ? አመድ መቀበያው ላይ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከንድፉ አንሶ ነበር የተሠራው። እሳቱ በቂ አየር አያገኝም ነበር። አስተካከሉት። ከዚያ በኋላ ያ ደካማ የተባለ ሎኮሞቲቭ በሥራ ዘመኑ ያላሳየውን ጉልበት አሳየ። ከፋብሪካ የወጣ ስህተት የተገኘው ከብረት ግቢ በተመለሰ ሬሳ ላይ ነው። ያገኙትም በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ያ ብረት ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ ላይ "ደካማ" እንደተባለ ይቀር ነበር።

ሁሉም አይድንም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ባሪ ላይ መጨረሻ የቀሩት 10 ሎኮሞቲቮች ለብቻቸው ተቀመጡ። ኋላ ከእነሱ የተወሰኑት እንደ ቅርጫ በሬ ተከፋፈሉ። ለአንዱ ቦይለር፣ ለሌላው መንኮራኩር፣ ለሌላው ሲሊንደር። ጨርሶ ጠፍተው የነበሩ ዓይነቶችን እንደ አዲስ ለመሥራት ነው የዋሉት። ይህም ጥሩ አሟሟት ነው እላለሁ።

አንድም ሳይቀር ከተቆረጠስ? እንግሊዞች ኤ1 የሚሉት ዓይነት ነበራቸው። 49 ነበሩ፤ አንድም አልቀረም። በ1990 ወዳዶች ተሰብስበው እንደ አዲስ እንሥራው አሉ። ንድፉ ተርፎ ነበር። ቦይለሩን የሚሠራ በአገራቸው አጡና ጀርመን አሠሩ። በ2008 ጨረሱት፤ ስሙ ቶርኔዶ ነው። 18 ዓመት! ከተቆረጠ በኋላ መመለስ ይቻላል፤ የሚያስከፍለው ግን ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ቅርብ ልምጣ። የምፅዋና የአስመራ መስመር ታሪክ ለእኔ ከባሪም ይበልጣል። ምክንያቱም እዚያ የዳነው በሀብታም አገር ገንዘብ ሳይሆን በሽማግሌዎች ነው።

ሐዲዱ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። አስመራ የገባው በ1911 ነው። ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው 95 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ረጅም ሎኮሞቲቭ አይታጠፍም፤ አጭሩ ደግሞ ጉልበት የለውም። መፍትሔው ማሌ የሚባለው ዓይነት ሆነ፤ የፈጠረው ስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። አንድ ቦይለር፣ ከሥሩ ግን ሁለት ሞተር። የኋላው ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነው፤ የፊተኛው ግራና ቀኝ ይታጠፋል። እንፋሎቱ መጀመሪያ የኋላውን ሲሊንደር ይሠራበታል፤ ከዚያ ደከም ብሎ ወደ ፊተኛው ትልልቅ ሲሊንደር ይገባና ሁለተኛ ይሠራል። አንድ እንፋሎት ሁለት ጊዜ። ውሃና ከሰል ውድ በሆነበት ዳገት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በ1970ዎቹ ጦርነቱ መስመሩን አቆመው። ሐዲዱና ከሥሩ የሚነጠፈው ብረት እየተነቀለ ለምሽግ ዋለ። ሎኮሞቲቮቹ በቆሙበት ዛጉ። ጦርነቱ ሲያልቅ መስመሩን እንደገና ለመሥራት የውጭ ኩባንያዎች የሚጠይቁት ገንዘብ ከአቅም በላይ ነበር። ስለዚህ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ። ብዙዎቹ ከ70 ዓመት በላይ ነበሩ። መጡ። ሐዲዱን ከየምሽጉ አውጥተው አቃኑት። አሮጌዎቹን የጣልያን ሎኮሞቲቮች ፈታትተው ገጠሙ። ከነዚያ ውስጥ በ1938 ጄኖቫ ውስጥ አንሳልዶ የሠራቸው ማሌዎች ነበሩበት። መለዋወጫ የሚሸጥ የለም፤ የጎደለውን ራሳቸው ቀርጸው ሠሩ። በ2003 ባቡሩ አስመራ ገባ።

እነዚያ አባቶች ባይኖሩ ያ ብረት ምን ይሆን ነበር? ቱቦውን የት ጋ መምታት እንዳለበት፣ የትኛው ጠመዝማዛ ላይ እንፋሎት መቀነስ እንዳለበት፣ ይህ በመጽሐፍ አልተጻፈም። በእጃቸው ነበር። ሌላ 10 ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ሥራው አይሠራም ነበር። የማምንበትን ነገር ያስተማረኝ ይህ ታሪክ ነው።

የእኛስ? የእኛ ሸመንደፈር ሥራው የተጀመረው በ1897 ከጅቡቲ ነው። ድሬዳዋ በ1902 ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላስቸገረ ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር። በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መጡና እንፋሎቶቹ ወጡ። እንደ ባሪ የሚያስቆያቸው አላገኙም፤ አብዛኞቹ የሉም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በ2016 ሲመረቅ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሆነ። የድሮው 1,000 ነው። አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች አዲሱ ሐዲድ ላይ አንድ እርምጃ መሄድ አይችሉም። አዲሱ መስመር መኖሩ ደስ ይለኛል፤ አገር ያስፈልገዋል። ግን የድሮዎቹ መንገድ አልባ ሆነው ቀሩ። የቀራቸው ዋጋ ቢኖር የብረታቸው ክብደት ነው። ማቅለጫ ፋብሪካ ደግሞ ፌሮ ለመሥራት ብረት ይፈልጋል። ቤት ለቤት ከሚዞረው ቆራሌው ጀምሮ እስከ ትልቁ ነጋዴ ድረስ ብረት እየተፈለገ ነው። ይህ ግፊት በየቀኑ አለ።

ድሬዳዋ ያለው አሮጌ ወርክሾፕ ግን ሊታይ የሚገባው ቦታ ነው። ቶርኖዎቹ፣ መቅረጫዎቹ፣ አሮጌዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮችና የመንገደኛ ፉርጎዎች እዚያ አሉ። የጎደለውን መለዋወጫ እዚያው ይሠሩ ነበር። እዚያ የሠሩ ሰዎች ዛሬ አዛውንት ሆነዋል። ብረቱና ሰዎቹ ገና አብረው አሉ። እስከ መቼ? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

"ጎንደር ምን አገባት?" ትሉኝ ይሆናል። አገባት። ጎንደር ማሽን በሕይወት ማቆየት ታውቃለች። የሊማሊሞን ዳገት አስቡ። ኤንትሬ መኪና በዚያ ጠመዝማዛ እህል ጭኖ ስንት ዘመን ወጣ? ፊያት እነዚህን መኪናዎች መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኛ ጋ ግን ዛሬም የሚንቀሳቀስ አለ። ለምን? ጋራዡ ውስጥ ጆሮውን ሞተሩ ላይ አድርጎ "ሁለተኛው ነው" የሚል መካኒክ ስላለ ነው። የዚያ ሰው ልጅ ሙያውን ከተማረ መኪናው ይኖራል። ካልተማረ ቆርቆሮ ነው። የባቡሩም ሁኔታ ከዚህ አይለይም።

ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ጥቂት ርቀት ላይ የፋሲል ግቢ አለ። ጣሪያ የሌለውን ግንብ "ለምን አይፈርስም፣ ድንጋዩ ለቤት ይሆናል" የሚል የጎንደር ሰው አላውቅም። ለድንጋይ ይህ ክብር አለን። ለብረት ግን ገና ነን።

በየቤታችሁም ታሪኩ አለ። ለሰሊጥ ሥራ በመተማ በኩል ገዳሪፍ የወረዱ አባቶች የሱዳንን ባቡር አይተዋል። ለገሐር ወይም ድሬዳዋ ሄደው ምድር ባቡር የተቀጠሩ የጎንደር ልጆችም ነበሩ። ጠይቋቸው። ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ። ምን ይሠሩ እንደነበር በዝርዝር ይንገሯችሁ፤ ጠዋት ገብተው መጀመሪያ ምን ይነኩ ነበር? ምን ድምፅ ሲሰሙ ይፈሩ ነበር? ደመወዝና ሹመት ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

የብረት ግቢ ስትገቡ ደግሞ የምታዩትን እወቁ። በመጀመሪያ የፋብሪካውን ሰሌዳ ፈልጉ። ትንሽ የናስ ወይም የብረት ሳህን ናት። የሠራው ፋብሪካ፣ ዓመቱና ተራ ቁጥሩ አለባት። በዚያ ቁጥር የማሽኑን ሙሉ ታሪክ ማግኘት ይቻላል። ናስ ስለሆነች መጀመሪያ የምትሰረቀውም እሷ ናት። ስለዚህ ቶሎ ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ በመንኮራኩሮቹ መካከል ያለውን ስፋት ለኩ። መንኮራኩሮቹን ቁጠሩ፤ የትኞቹ በቢየላ እንደተያያዙ እዩ። ይህን ከያዛችሁ አዋቂ ሰው ዓይነቱን ይነግራችኋል። ዘበኛውን አስፈቅዱ፣ ላዩ ላይ አትውጡ። የአሮጌ ቦይለር ሽፋን ሥር ያለውን ነጭ ነገር በፍጹም እንዳትነኩ። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይገድላል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሰው ሞቶበታል።

(ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን እዚህ አስገብቻለሁ።)

አንድ አባት ተነስተው እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ አገሩ ብረት ይፈልጋል፣ ቤት የሌለው ሰው ሞልቷል። አሮጌ ባቡር ስናስቀምጥ ማን ይታዘበናል?"

አባቴ፣ ጥያቄዎ ከባድ ነው፣ እውነትም ነው። ሁሉም ይቀመጥ አልልም። ኬንያን እንመልከት። 59 የሚባል ዓይነት ግዙፍ ሎኮሞቲቭ ነበራቸው። ሐዲዱ እንደ እኛው 1 ሜትር ነው፣ እያንዳንዱ ከ250 ቶን በላይ ይመዝናል። 34 ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በአካባቢው ተራራ ስም ይጠሩ ነበር። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ለብረት ሄዱ። ከሁለቱ አንዱ፣ ጌላይ ተራራ የሚባለው፣ ናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ውስጥ አለ። የኬንያ ልጆች እሱን ያያሉ። 32ቱ ተቆርጠው ሁለቱ መቅረታቸው አገሩን አላደኸየውም። እኔ የምለምነው ከየዓይነቱ አንዱ እንዲመረጥ ነው። ምርጫው ደግሞ ከመቆረጡ በፊት ይሁን፤ ሙያውን በሚያውቁ ሰዎች ይሁን። በኪሎ ዋጋ ብቻ አይወሰን።

አንዲት የምህንድስና ተማሪ ደግሞ "የድሬዳዋዎቹን የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እንደገና ማስነሳት ይቻላል?" ብላ ጠየቀች።

እህቴ፣ ማስነሳት የመጨረሻው ሥራ ነው። ለእንፋሎት ቢሆን የቦይለሩ ብረት ውፍረት ይለካል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ ከሥራው በላይ በሆነ ግፊት ይፈተናል። እንግሊዝ አገር የባቡር ቦይለር አብዛኛውን ጊዜ በየ10 ዓመቱ ተፈትቶ ይታደሳል። ለናፍጣው ደግሞ መጀመሪያ የሚሠራው ቀላል ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ ወጥቶ ይድረቅ። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት ይግባ። ሞተሩ አልፎ አልፎ በእጅ ትንሽ ይዙር፣ እንዳይነክስ፣ ተጣብቆ እንዳይቀር ማለቴ ነው። የጭስ ማውጫው አፍ ይከደን፤ ዝናብ በዚያ ይገባል፣ ወፍም ጎጆ ይሠራበታል። ከሁሉም በፊት ከላዩ የቆርቆሮ ጣሪያ ይሠራለት። ይህን ያገኘ ሎኮሞቲቭ ብዙ ዓመት ይጠብቃል፤ ያ ጊዜ ሲመጣ አንቺና ጓደኞችሽ ልትደርሱለት ትችላላችሁ።

የትኛው ሞተር መታጠብ እንዳለበት፣ የትኛው እንደነከሰ የሚያውቁት ግን እዚያ የሠሩት ናቸው። በሩ አጠገብ ደብተር አስቀምጫለሁ። ምድር ባቡር የሠራ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁ ስማቸውንና የት እንደሚገኙ ጻፉልኝ። ፈቃዳቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ከራሳቸው ዘንድ መሄድ እጀምራለሁ፤ ድምፅ መቅጃ ያለውና አብሮኝ መምጣት የሚፈልግ ወጣት ካለ አሁኑኑ ይንገረኝ።